ቢጫ ያወጣው ደም

ቦናያ ዛሬ አርጅቷል፣ እጁም ይንቀጠቀጣል። በጎልማሳነቱ ግን በሊበን ገጠር የከብት ደም በመቅዳት የሚስተካከለው አልነበረም። የኮርማውን አንገት በጠፍር ያስራል፤ የደም ሥሩ ሲገተር ጫፏ ብቻ እንድትገባ ተደርጋ በተጠቀለለች ፍላጻ ከቅርብ ይወጋና የሚንፎለፎለውን በቅል ይቀበላል። ከዚያ በእንጨት ማማሰል ነው፤ ደሙን የሚያረጋው ክር ክሩ ተለይቶ እስኪወጣ እጁ አያርፍም። ደሙ ከወተት ጋር ተቀላቅሎ ለአራስ፣ በድርቅ ጊዜም ለሁሉም ይጠጣል። ቶሎ ቢጫ ውሃ የለየ ደም ግን ከታመመ ከብት የተቀዳ ነው ብሎ ስለሚያምን ለውሻ ይደፋው ነበር። ከእሱ በላይ አዋቂ ስላልነበረ የሚከራከረውም አልተገኘም።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በዚያ ክፉ ድርቅ፣ ልጁ ዲንኪቱ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ደም አልቆም አላት። ቦናያ እንደ ደንቡ ከኮርማ ቀድቶ በወተት አጠጣት። በማግስቱ ለከብት እንደሚያደርገው የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርጎ አየ፤ ነጭ ነው። ላም እንዲህ ስትሆን እንደማትተርፍ ያውቃል። ባሏ ኩራ የጭነት መኪና ለምኖ አስቆመና ከቦናያ ጋር ሆነው አራሷን ከነሕፃኗ ነገሌ ሐኪም ቤት አደረሷት።

ሐኪሞቹ መድማቱን አቆሙት፤ የፈሰሰውን ለመተካት ግን ደም ያስፈልጋል አሉ። ቦናያ አንድ ያልከሳ ኮርማ እንደቀረው ተናገረ። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ሸዋርካብሽ የነገሌ ልጅ ናትና በኦሮምኛ እያዋዛች፣ በሰውነት ውስጥ እንደ በረት ውሻ የሚጠብቁ እንዳሉ፣ የማያውቁት ደም ከገባ እንደሚናከሱ አስረዳችው። የሰው ደም እንኳ ሁሉም አይስማማም። የኩራ ደም ከዲንኪቱ ጋር ሲገናኝ እንደ ተበላሸ ወተት ሲጓጉል በመስታወት ላይ አሳየችው። የቦናያ አልጓጎለም። በሽታ እንደሌለበት እስክታይ ድረስ ጥቂት እንዲቆይ ነገረችው።

እዚያው ቁጭ ብሎ ሳለ ዓይኑ ከክንዱ የተቀዳው ደም ያለበት ብልቃጥ ላይ አረፈ። ደም ከሚያሽከረክረው ማሽን ከወጣ ገና መቆሙ ነው፤ ከላይ ግን ቢጫ ውሃ አውጥቷል። ቦናያ ክው አለ። ድርቁ አክስቶታል፣ ያስለዋልም። ታምሜያለሁ ማለት ነው፣ ይሄ ደም ልጄ ውስጥ ቢገባ ይገድላታል ብሎ አሰበ። ይህን አማቹ ፊት መናገር አፈረና ደም የሚሰጥለት ሌላ ሰው ፍለጋ ሹልክ ብሎ ወደ ከብት ገበያው ወረደ። የሚያውቃቸው ሁሉ ሰላምታውን አሳምረው መለሱለት፤ ደም ሲላቸው ግን ሁሉም በድንገት ሥራ በዛባቸው።

ሸዋርካብሽ ፈልጋ ስታገኘው ላብ አጥምቋት ነበር።

«አባቴ፣ ልጅዎ እየደከመች ነው። ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ደሜ ተበላሽቷል» አላት። «ቢጫ አውጥቷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄን በእጄ አልገድልም።»

አልሳቀችበትም። ይዛው ተመለሰችና ከራሷ ክንድ ቀድታ በማሽን አሽከረከረችው፤ ብልቃጡን ከእሱ ብልቃጥ ጎን አቆመችው። የእሷም ቢጫ አውጥቷል። ታች ያለው ቀይ ከሳንባ የሚመጣውን አየር እንደሚሸከም፣ ቢጫው ውሃ ምግቡን እንደሚያመላልስ፣ በመሃል ያለችው ስስ ነጭ መስመር ውስጥ ደግሞ እነዚያ ጠባቂዎችና ቁስል የሚደፍኑት እንዳሉ በጣቷ እያመለከተች ነገረችው። ይህ በሁሉም ጤነኛ ሰው ውስጥ አለ አለችው።

«ኮርማውም ውስጥ?»

«ኮርማውም ውስጥ።»

ቦናያ በስንቱ ድርቅ ለውሻ የደፋውን አሰበ። ቆጨው።

ምርመራው ሲያልቅ ንጹሕ ነዎት ተባለና ደሙን ሊሰጥ አልጋው ላይ ጋደም አለ። ስንቱን ኮርማ የወጋው ሰው መርፌው ሲቀርብ ፊቱን አዞረ። ደሙ ወደ ከረጢቱ መውረድ ሲጀምር ግን ሌላው እጁ ለማማሰል ተቁነጠነጠ። ከረጢቱ ቀስ እየተባለ መወዛወዝ ነበረበትና ሸዋርካብሽ ሥራውን ለእሱ ተወችለት።

በማግስቱ ዲንኪቱ ሕፃኑን ታቅፋ አገኛት። ጎንበስ ብሎ የዓይኗን ቆብ ገለጠ። ቀላ ብሏል።

«አባ፣ እኔ ላም ነኝ?» አለችው።

«ላም ብትሆኚማ መች እንዲህ እፈራ ነበር» አላት። ፊቷን ሳያይ ኮርማውን ውሃ ላጠጣ ብሎ ወጣ፤ ኮርማው ግን የቀረው ሊበን ገጠር ነበር።