ቤሪል የቆረጠችው ሰንሰለት

ቤሪል ሃስላም ስትቆጣ ድምፅዋ ከፍ አይልም፤ እንዲያውም ዝቅ ይላል። በከተማችን በስካርተን፣ ገበያው አደባባይ ላይ ፀጉር ቤት በነበራት ዘመን ይህን የማያውቅ ደንበኛ አልነበራትም። ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ሲወርድ፣ ማድረቂያ ስር የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን ይቀብሩ ነበር። እኔ አይብና እንቁላል የምሸጥበት ጠረጴዛ ከሱቋ ፊት ለፊት ስለነበር የድርሻዬን ቀምሻለሁ። አንድ ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ኖርማን፣ ይህ እንቁላል ሲጣል እኔ ገና አላገባሁም ነበር» ብላኛለች።

ባሏ ክሊፎርድ ተቃራኒዋ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፖስታ ሲያድል የኖረ፣ ቁጥብ፣ ወተት ሊገዛ እንኳ ከረባት ሳያስር ከቤት የማይወጣ ሰው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ ተያይዘው ይወርዳሉ። እሱ ከእኔ አይብ ይገዛል፤ ከዚያ ጨርቅ ሻጩ ናዚር ጋ ቆሞ ስለ ክሪኬት ጨዋታ ይከራከራል። እሷ እስክትጠራው ድረስ ክርክሩ አያልቅም።

በኋላ ግን ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢው ያስቸግረው ጀመር። ሽንቱ ከመጣ አይታገሠውም። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሃል ብሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከው። ቀጠሮ ተሰጠው፣ ተላለፈ። ሌላ ተሰጠው፣ እሱም ተላለፈ። በስልክ «ወረፋው ረጅም ነው» ሲሉት ክሊፎርድ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ይላል።

«ምን ስላደረጉልህ ነው የምታመሰግናቸው?» ትለዋለች ቤሪል።

«ልጅቷ ምን ታድርግ? ስልክ አንሺ ናት።»

በአደባባያችን ጥግ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት አለ። ቀይ ጡብ፣ ውስጡ አረንጓዴ ሸክላ። በእናቴ ዘመን ጠባቂ ነበረው፤ የናስ ቧንቧውን ፊትህን እስኪያሳይህ ድረስ ይወለውለው ነበር። የከተማው ምክር ቤት መጀመሪያ ጠባቂውን አሰናበተ። ቀጥሎ ሳሙናው ጠፋ፤ ከሳሙናው በኋላ ወረቀቱ፤ ከወረቀቱ በኋላ አምፖሉ። በየተራው ስለጠፋ ማንም አፉን አልከፈተም። በመጨረሻ አንድ ረቡዕ መጥተው በሩን በሰንሰለት ጠፍረው ሄዱ። ሰንሰለቱ ላይ ሰሌዳ አንጠልጥለውበታል፦ «ለተሻለ አገልግሎት ሲባል ለጊዜው ተዘግቷል።»

በማግስቱ ሐሙስ ክሊፎርድ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ አይብ እየመረጠ ሳለ ፊቱ ተለወጠ። «ይቅርታ፣ ኖርማን» ብሎ በፍጥነት ወደ ጥጉ ተራመደ። ሰንሰለቱን በእጁ ይዞ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወደ ቡና ቤቱ ዞረ። በሩ ላይ ያለችው ልጅ፣ «መጸዳጃው ለደንበኞች ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ተሰልፈው ይዘዙ» አለችው። ተሰለፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ገፍትሮ ይገባ ነበር፤ ክሊፎርድ ግን ሰልፍ ጥሶ አያውቅም። ቁርሳቸውን በሚያዙት ሰዎች መካከል፣ ግራጫ ሱሪው ላይ፣ ሆነ።

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ፊቱን አዞረ፤ አንዱ ወደ መስኮት፣ አንዱ ወደ ስልኩ። ከደግነት ይሁን ከእፍረት አላውቅም፤ በእኛ አገር ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ተከትዬው ገብቼ ስለነበር ሽርጤን ፈትቼ ወገቡ ላይ አሰርኩለት። «አጥቤ እመልስልሃለሁ» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። ቤታቸው ወዳለበት ዳገት የሚወጣው አውቶቡስ ድሮ ሲመላለስ የሚውል ነበር፤ አሁን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ሆኗል። ስለዚህ ባልና ሚስት ያን ሁሉ ዳገት በእግራቸው ወጡት፤ እሱ እርጥብ ሱሪውን እንደለበሰ፣ እሷ ክንዱን ይዛ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ክሊፎርድ አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም። ቤሪል ብቻዋን እየመጣች «ደህና ነው፤ ቤት ይሻለኛል ብሎ ነው» ትለኛለች፤ ድምፅዋ ግን ከወትሮው ዝቅ ብሏል።

ወደ ምክር ቤቱ ሄደች። ድሮ ሰው ተቀምጦ ያነጋግርበት የነበረው መስኮት በጣውላ ተመትቶ «በስልክ ብቻ» የሚል ተለጥፎበታል። ደወለች። ሙዚቃ። «ጥሪዎ ለእኛ በጣም አስፈላጊ ነው።» እንደገና ሙዚቃ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ድንች ላጠች፣ ቀቀለች፣ ከክሊፎርድ ጋር በሉ፣ ሳህን አጠበች። ጥሪዋ አሁንም በጣም አስፈላጊ ነበር።

ቅዳሜ የሠፈራችንን የምክር ቤት አባል ሚስተር ሎማክስን ነዋሪ በሚያነጋግርበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘችው። ቤተ መጻሕፍቱም ቢሆን በጎ ፈቃደኞች ባይከፍቱት ኖሮ ይዘጋ ነበር። እኔም ስለ ገበያው መብራት አቤት ልል ተሰልፌ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ሚስተር ሎማክስ፣ ባለቤቴ ከቤት መውጣት ትቷል» አለችው። የሆነውን ሳትደብቅ ነገረችው።

«እጅግ አዝናለሁ፣ ሚስስ ሃስላም። እውነት አዝናለሁ። ግን ገንዘብ የለም። ከለንደን የሚመጣልን በየዓመቱ ይቀነሳል። ያለውም አቅመ ደካሞችን ለመጦር አይበቃም።»

«ባለቤቴስ አቅመ ደካማ አይደለም?»

«ነው፣ ነው። ግን መጸዳጃ ቤት በሕግ የተጣለብን ግዴታ አይደለም፤ ይህን ይረዱልኝ።»

«መሽናትስ? እሱ በማን ላይ ነው የተጣለው?»

ሎማክስ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። «ከቡና ቤቶች ጋር በትብብር ልንሠራ አቅደናል…»

«ስማ» አለችው። እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ስትለው ነበር። «ትናንት የከተማው መግቢያ ላይ 'ወደ ኩሩዋ ስካርተን እንኳን ደህና መጣችሁ' የሚል አዲስ ሰሌዳ ስትተክሉ አይቻለሁ። ለኩራት ገንዘብ አለ፣ ለሽንት የለም?»

«ያ ከሌላ በጀት ነው የወጣው።»

«እንግዲያው ክሊፎርድ ሰሌዳው ላይ ይሽናላችኋ» ብላ ተነሣች።

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ መሆኑ ገብቷታል። ሐሙስ ጠዋት ገበያው ጢም ብሎ ሳለ፣ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ፣ ከጎረቤቷ የተዋሰችውን የብረት መቁረጫ ይዛ መጣች። ርዝመቱ ክንዷን ያህላል። በደንብ የተሠራ ፀጉሯ፣ የእሁድ ካፖርቷ፣ በእጇ ያ ብረት። ሰንሰለቱን በመቁረጫው ብትነክሰው አልተቆረጠላትም። ሁለተኛ ሞከረች። በሦስተኛው ናዚር ጨርቁን ጥሎ ሄዶ አንዱን እጀታ ያዘ።

«አይ ቤሪል፣ አንቺ እኮ የሰው ፀጉር ላይ ነው የለመድሽው» አላት።

«ዝም ብለህ ግፋ!»

ሰንሰለቱ ሲወድቅ ገበያው ውስጥ ጭብጨባ ተሰማ። ወዲያው ከውስጥ የወጣው ሽታ ጭብጨባውን ቆረጠው። ቤሪል ካፖርቷን አውልቃ ለእኔ ወረወረችልኝና እጅጌዋን ሰበሰበች። «ማን ነው ባልዲ ያለው? ቆማችሁ ከምታዩኝ!» ዓሣ ሻጯ ባልዲዋን አመጣች፣ እኔ በረኪና ገዛሁ። ናዚር ጨርቅ ከመሸጡ በፊት የቧንቧ ሠራተኛ ስለነበር ውሃውን ከፈተው። ከቀትር በፊት አሮጊቶች ተሰልፈው ይገቡ ነበር። አንዷ ስትወጣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «ገበያ ስመጣ ከጠዋት ጀምሮ ሻይ አልጠጣም ነበር እኮ» አለች። ይህን የሰማሁ ዕለት ነው እኔም የምር የተናደድኩት። በዚህ ሀብታም አገር አሮጊት ውሃ እየጠማት ገበያ ትወጣለች!

ቤት ያለው ክሊፎርድ ግን የራሱን ክስ አዘጋጅቶ ጠበቃት። «የኔን ጉድ ለከተማው ሁሉ ነገርሽው» አላት። ለሦስት ቀን አላናገራትም። ይህን እሷው ናት የነገረችኝ፤ ያን ጊዜ ብቻ ነው ቤሪልን ስታለቅስ ያየኋት። «ለእሱ ብዬ ነበር፣ ኖርማን። አሁን በእኔም አፈረ።»

አደባባዩ ላይ ያለው ጉድጓድ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ የሚደፍነው አልተገኘም። ለመጸዳጃው ግን ምክር ቤቱ ወዲያው ሰው ላከ። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሁለት ሰዎችና አንዲት ወጣት ፖሊስ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ቤሪልን ሽንት ቤቱን ስታጸዳ ደረሱባት።

«እሜቴ፣ የምክር ቤት ንብረት ሰብረዋል የሚል አቤቱታ ቀርቦብዎታል» አለች ፖሊሷ።

«ስምሽ ማን ነው ልጄ?»

«ኪርስቲ።»

«ኪርስቲ፣ ሱቄን ሌባ የሰበረ ጊዜ ደውዬ ነበር። የአቤቱታ ቁጥር ሰጥተውኝ ነው የቀሩት፤ ሰው አልመጣም። ዛሬ ግን መጣሽልኝ። ሌባ ከመሆን ሽንት ቤት ማጽዳት ይከፋል ማለት ነው?»

ኪርስቲ ከንፈሯን ነከሰች። ዞር ዞር ብላ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ቀንሳ፣ «እ… ከንጋት ጀምሮ በመኪና ላይ ነኝ። ጣቢያችንን ሸጠውታል። ይቅርታ ያድርጉልኝና… መግባት እችላለሁ?» አለች።

«ግቢ እንጂ! ወረቀት በግራ በኩል ነው።»

ገበያው በሳቅ ተንጫጫ። ኪርስቲ ቀልታ ወጣች፤ ክስም አልመሠረተችም፤ «ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ» ብላ ሄደች። ሰደርያ የለበሱት ግን ማታ ላይ ተመልሰው ውሃውን ከዋናው መስመር ቆረጡት፤ በሩንም በብረት ሳህን በየዱት። ለሳሙና ያልተገኘው ገንዘብ ለብረት ተገኘ።

በሐምሌ፣ ከተሞች በአበባቸው ውበት የሚፎካከሩበት ውድድር ዳኞች ሊመጡ ሆነ። ምክር ቤቱ ለዓመታት ጠፍቶ የነበረውን ጉልበቱን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ አደባባዩ ታጠበ፣ ሣሩ ታጨደ። የተበየደው በር እንዳይታይም ፊቱ ላይ ትልልቅ የአበባ ገንዳ ተደረደረ።

ቤሪል ያን አበባ አይታ ቤቷ ስትደርስ ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ ወረወረችው። ክሊፎርድ «ምን ሆንሽ?» አላት። ነገረችው። እሱም ከወንበሩ ተነሥቶ «ሱሪዬን ተኩሺልኝ» አለ።

ዳኞቹ ሲመጡ ሎማክስ ከፊት ከፊት እየሄደ ያስጎበኛል። ክሊፎርድ የቤሪልን እጅ ይዞ ከእነሱ እኩል አደባባዩ ላይ ደረሰ፤ ሙሉ ልብስ፣ ከረባት። ከረጅም ጊዜ በኋላ መውረዱ ነበር። እኛም፣ ቤሪል ራሷም፣ የምትናገረው እሷ መስሎን ነበር። እሱ ግን እጇን ለቀቀና አንዱን የአበባ ገንዳ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጎን ጎተተው። ብረቱ ታየ።

«ክሊፎርድ፣ እባክህ፣ ዛሬ አይሆንም» አለ ሎማክስ።

«ዛሬ ነው የሚሆነው» አለ ክሊፎርድ። «እዚህ ከተማ ደጃፉን የማላውቀው ሰው የለም። በበረዶ መጥቼባችኋለሁ፣ በጎርፍ መጥቼባችኋለሁ። በመጋቢት እዚያ ቡና ቤት ውስጥ ተሰልፌ ሱሪዬ ላይ ሸናሁ። አዎ፣ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ እንደ ወንጀለኛ ቤቴ ተደበቅሁ። ሳስበው ግን ምን አጥፍቻለሁ? ታመምኩ፤ ሕክምና የለም። ሽንቴ መጣ፤ በር የለም። ልሂድ አልኩ፤ አውቶቡስ የለም። ከዚህ በኋላ እኔ አላፍርም። እፍረቱን እናንተ ውሰዱት። አበባም ደርድሩበት!»

ከዳኞቹ አንዷ አሮጊት እርሳሷን አስቀመጠች። ሎማክስ መሬት መሬት ያያል። ከገበያተኛው ግን በዚህኛው ጊዜ ፊቱን ያዞረ አልነበረም።

ያም ሆኖ ስካርተን የብር ሜዳሊያ አገኘች። አበባው ያምር ነበር መሰለኝ።

የክሊፎርድ ፎቶ በጋዜጣ ወጥቶ ሰው ስለተንጫጫ፣ በመስከረም በሩን ከፈቱት። እንዲያው አልከፈቱትም፤ ማሽን ገጠሙበት። በባንክ ካርድ ብቻ የሚሠራ፣ ሳንቲም የማይቀበል። ግማሹን ጊዜ ደግሞ ካርዱንም አያነብም። ክሊፎርድም በኅዳር፣ በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አንድ ቀን ተኩል ተጋድሞ ከጠበቀ በኋላ፣ ቀዶ ሕክምናውን አገኘ። ዳነ። ሎማክስ ገበያ ውስጥ አግኝቶት፣ «እንኳን ተሻለህ፤ ነገሩ በሰላም አለቀ አይደል?» አለው። ቤሪል ከኋላ መጥታ፣ «የእሱ የሽንት ፊኛ ነው የተሻለው፤ የእናንተ በር ገና አልተሻለውም» አለችው።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ሁለቱ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ሰው ሲመጣ ክሊፎርድ ተነሥቶ በሩን በትከሻው ገፍቶ ይከፍትና ደግፎ ይይዛል። ባለፈው ሐሙስ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ካርዷን ደጋግማ ስትነካካ አይቶ፣ «ተይው፣ የኔ ልጅ፣ ግቢ ዝም ብለሽ» አላት። ያለ ክፍያ ሲከፈት ማሽኑ ይጮኻል። እሷ ገባች፤ ማሽኑ ጮኸ። ወጣች፣ እጇን እያራገፈች አመስግናው ሄደች፤ ማሽኑ አሁንም ይጮኻል። ገበያው ተበትኖ ጠረጴዛዬን ሳጥፍም ይጮህ ነበር። ሊያጠፋው የመጣ ሰው የለም።