ሻሽቱ ይቅር አላለችም

ባለፈው ሳምንት ሰለሞን ስልኬ ላይ የአንዲት ልጅ ፎቶ ላከልኝ። ቀይ ሻሽ ጠምጥማ ግራጫ በቅሎ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ አቧራ ለብሷል፤ ከንፈሯ በብርድ ተሰነጣጥቋል። ከሥሩ «ሻሽቱ በፊልም መጣች! በእውነተኛ ሰው ሠሯት!» ብሎ ጽፎበታል። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ሰለሞንና እኔ አብረን ያደግን፣ ዛሬም እዚሁ መሐል ሜዳ አንድ ትምህርት ቤት የምናስተምር ሰዎች ነን። በእኛ ዕድሜ ያለ የከተማችን ሰው ሻሽቱን አይረሳትም። በዲሽ ከዓረብ ጣቢያ የምትመጣ የካርቱን ተከታታይ ነበረች። እውነተኛ ስሟን አናውቅም፤ የሚጻፈውም የሚነገረውም በዓረብኛ ነበርና በሻሿ ጠራናት፣ በዚያው ጸደቀላት። ቤቷን ያቃጠለባትን፣ እናትና አባቷን ያሰደደባትን ጌታ ደግሞ ከእጁ በማይለየው ዘንግ «ባለ ዘንጉ» አልነው። እሷ በበቅሎዋ አገር ላገር ስትፈልገው እሱ ሁልጊዜ ቀድሟት ከመንደሩ ወጥቷል። የደረሰበት መንደር ሁሉ ሰውን መንገድ ላይ አሰልፎ ያሰግዳል፤ እሷ ስትደርስ የምታገኘው ጉልበቱ አፈር የነካ ሰው ነው።

ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርን። በሰፈራችን ዲሽ የነበረው የወይዘሮ አስካለ ምግብ ቤት ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት እንደተለቀቅን ንፋሱን እየተጋፋን እንሮጣለን። የመሐል ሜዳ ንፋስ ያደገበት ሰው ያውቀዋል፤ ጆሮ ላይ ሲያርፍ እንደ ጥፊ ነው። በሩን ገፍተን ስንገባ የቀይ ወጥ፣ የላምባና ዝናብ የነካው የበግ ፀጉር ባና ሽታ አንድ ላይ ተቀላቅሎ ይቀበለናል። ወይዘሮ አስካለ ውሃ ከቀዳንላቸውና ደንበኛ ካልበዛባቸው ከግድግዳው ሥር ማዳበሪያ አንጥፈን እንድንቀመጥ ይፈቅዱልን ነበር። ኪሳችን ውስጥ የገብስ ቆሎ አለ። የሙዚቃው መግቢያ ሲጀምር ግን ማንም አይቆረጥምም።

የምትተረጉምልን ወርቅነሽ ነበረች፤ እትዬ ወርቄ እንላታለን። ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ ወይዘሮ አስካለ ዘንድ አስተናጋጅ ሆና የምትሠራ ቀጭን ሴት ናት። ሳህን እያነሳች፣ ጠረጴዛ እየወለወለች፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል ትነግረናለች። «‹የት ገባ?› አለችው። ‹አላየሁም› ይላል። ይዋሻል ይሄ፣ ዓይኑን እዩት።» ለሻሽቱ የራሷን ድምፅ ትሰጣታለች፤ ለባለ ዘንጉ ከጉሮሮዋ ወፍራም ድምፅ ታወጣለች። በቅሎዋ ስታናፋ እንኳ «እሷ ደግሞ ደከመኝ እያለች ነው» ብላ ትተረጉማለች። በዕረፍት ሰዓት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የምንጫወተው ሻሽቱን ነበር። እኛ ሴቶቹ ሻሽቱ ለመሆን ፀጉር እንነጫጫለን። ሰለሞን ሯጭ ስለነበር ሁልጊዜ በቅሎ ነው።

አሁን ስለ አቶ ፈለቀ ልናገር። የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። ዕድሜው አንቱ የሚያስብል ነው፤ እኔ ግን አንድ ቀን ሲናገር ከሰማሁት በኋላ አንቱታውን ነፍጌዋለሁ፤ እዚህም ላይ አልመልስለትም። በሞተር ብስክሌት ነው የሚሄደው። ጉዳይ ያለውን ገበሬ «ነገ ና» እያለ ያመላልሳል፤ ከራቤል ድረስ በእግሩ የመጣ ሽማግሌ ቢሮው ደጅ ተኮራምቶ ሲውል ዓይናችን እያየ ነው ያደግነው። ምግብ ቤት ሲገባ ሁሉም ይነሳለታል።

የመጨረሻው ክፍል የሚታይበት ቀን ነበር። ባለፈው ቀን ሻሽቱ ባለ ዘንጉን ወንዝ ዳር አግኝታው፣ ፊት ለፊት ቆመው ነው ያቋረጠብን። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንደምንም ሰዓቱ ደርሶ ተቀመጥን፤ ወንዙ ታየ፣ ሁለቱ ታዩ። እትዬ ወርቄ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። በሩ ተከፈተና አቶ ፈለቀ ከሁለት ሰዎች ጋር ገባ።

«ይሄን የሕፃን ነገር ቀይሩት። ኳስ አድርጉልን።»

ወይዘሮ አስካለ አንዴ እኛን፣ አንዴ እሱን አዩ። እትዬ ወርቄ ናት አንገቷን ሰበር አድርጋ የመለሰችለት፤

«ጋሼ፣ የቀረው ትንሽ ነው። ልጆቹ ሲጠብቁት ስለከረሙ ነው። አሁን ያልቃል፤ እስከዚያ ምግቡን ላቅርብልዎ።»

ከላይ እስከ ታች አያት። «አንቺ ደግሞ መቼ ነው ዓረብኛ አዋቂ የሆንሽው? የሰው ሽንት ቤት ስታጥቢ የለቀምሽውን ነው ለልጆች የምታስተምሪው?»

ቤቱ ሳቀ። አነጋገሩ የሚያስቅ ሆኖ አይደለም፤ እሱ ስለተናገረው ነው የሳቁት። ዛሬ መምህር ሆኜ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ሳቅ በሰማሁ ቁጥር ጠመኔዬን አስቀምጬ ትምህርቱን አቆማለሁ። ኳሱ ተከፈተ። ሻሽቱ ወንዙ ዳር እንደቆመች ጠፋች።

እትዬ ወርቄ ምግቡን አቀረበች። ከዚያ ሽርጧን ፈታች፣ አጠፈችው፣ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችለትና ወጣች። ወይዘሮ አስካለ «ወርቅነሽ! አንቺ ወርቅነሽ!» እያሉ እስከ በሩ ተከተሏት። አልዞረችም።

እኛም ተነስተን ተከተልናት። ከምግብ ቤቱ ጀርባ ካለው የድንጋይ ካብ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ዓይኗ ደርቋል። እኔ ግን እያለቀስኩ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ያስለቀሰኝ የእሷ ነገር ሳይሆን መጨረሻውን ማጣቴ ነው። አየችኝና «ነይ ተቀመጪ። መጨረሻውን አውቀዋለሁ፤ እዚያ እያለሁ አይቼዋለሁ» አለችኝ።

ድምፅ ሳትለዋውጥ ነው የነገረችን። ሻሽቱ ዘንጉን ቀምታ ወንዝ ውስጥ ጣለችው። ጫማውን አስወለቀችው። ፈረሱን ለቀቀችበት። ሰውዬው ጉልበቷ ላይ ወድቆ «ወይ ግደይኝ፣ ወይ ይቅር በይኝ» አላት።

«ገደለችው?» አለ ሰለሞን።

«አልገደለችውም። ይቅርም አላለችውም። ‹ትሄዳለህ› ነው ያለችው። ሰው ባሰገደባቸው መንደሮች ሁሉ በእግሩ አሳለፈችው። ሰዎቹ በየበራቸው ቆመው አዩት። አንድም ሰው አልሰደበው፣ አንድም ሰው ድንጋይ አልወረወረበት። ውሃ የሰጠው ግን የለም። አለቀ።»

በልጅነቴ እንደዚያ ልቤን የሞላው ታሪክ የለም።

አቶ ፈለቀንም በእግሩ ልናስኬደው ያሰብነው፣ እሷ ከሄደች በኋላ እዚያው ካቡ ሥር ነው። በገበያው ቀን አቶ ፈለቀ እንደ ልማዱ ሞተሩን ምግብ ቤቱ ደጃፍ አቁሞ ገባ። ሰለሞን በክብሪት እንጨት የፊተኛውን ጎማ፣ እኔ የኋላኛውን አስተነፈስን። የአየሩ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ እንደሱ የሚጥም ነገር ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ሄደን ከሌሎቹ ልጆች ጋር በዳገቱ ግራና ቀኝ ቆምን።

ወጥቶ አየው። ተሳደበ። ማንም እንዳልመለሰለት ሲያይ ሞተሩን መግፋት ጀመረ። የገበያው ዳገት ጭቃ ነበር። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጨቀየ፣ ኮፍያው ወደቀ። «እናንተ ልጆች፣ ኑ ግፉልኝ!» አለ። አልተነቃነቅንም፤ አልሳቅንምም። መሳቅ አይፈቀድም ብለን ተማምለን ነበር። ያልጠበቅነው ትልልቆቹን ነው። በግ የሚጎትተው፣ ገብስ የሚሰፍረው፣ ቢሮው ደጅ ሲመላለስ የከረመው ሁሉ ቀና ብሎ አየው። አንዱ ሸክሙን አስተካከለ፣ ሌላው ነጠላውን አጣፋ። እጁን የዘረጋ አልነበረም። ያንን ሙሉ ዳገት ብቻውን ገፋው።

እትዬ ወርቄ በዚያው ሰሞን እህቷ ወዳለችበት ወደ ቀየት ሄደች አሉን። የነፍስ አባቴ ይህን ቢያነቡ ያዝኑብኛል፤ ይቅር በይ እያሉ ሲመክሩኝ ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል። ግን እላለሁ፤ በልጅነቴ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ ጎማ የምኮራበት ነገር የለኝም።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ፊልሙ ሊወጣ ነው ከተባለ ጀምሮ የዚያን ጊዜ ልጆች ስልክ ላይ ግሩፕ ከፍተናል። ደብረ ብርሃን ያለው፣ አዲስ አበባ ያለው፣ ውጭ አገር ያለው ሁሉ ገብቷል። ጠዋት ማታ የሚወራው ስለ ተዋናይቷ ነው፤ ሻሿ በደንብ ቀልቷል አልቀላም፣ በቅሎዋ እውነተኛ ናት ወይስ በኮምፒውተር የተሠራች። እኔም እንደ ሕፃን ቀን እየቆጠርኩ ነበር። ከዚያ ማስታወቂያው ተለቀቀ። መጨረሻው ላይ ባለ ዘንጉ ታሞ ወንዝ ዳር ወድቋል፤ አንዲት እጅ በቅል ውሃ ታቀርብለታለች። እጅጌዋ ላይ የቀይ ሻሽ ጫፍ ይታያል። ግሩፑ በልብና በእንባ ምልክት ተጥለቀለቀ። «ይቅር ያለችበት ቦታ! አሁን ገና አለቀስኩ!» ብላ አንዷ ጻፈች።

«ይቅር አላለችውም» ብዬ ጻፍኩ። ሳቁብኝ። «ፊልሙን አበላሽተውታል» አልኩ። አንዱ የድሮውን የካርቱን መጨረሻ ከነትርጉሙ አግኝቶ ለጠፈልኝ። አላየሁትም። ሰለሞን ግን አይቶት ደወለልኝና ቀስ ብሎ «እውነታቸውን ነው» አለኝ። «ውሃ ታጠጣዋለች። ቤቷም ይዛው ትገባለች።»

ስልኩን ወረወርኩት። ለካ ያደግኩበት መጨረሻ የለም። ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ቀየት ወረድኩ።

እትዬ ወርቄ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ቀጭንነቷ ያው ነው። ስሜን ስነግራት አላስታወሰችኝም። «የካቡ ሥር አልቃሻ» ስላት ተነስታ አቀፈችኝ። ወንበር አቀረበችልኝ፣ ዳቦ ቆረሰችልኝ። ስልኬን አውጥቼ ማስታወቂያውን አሳየኋት። ውሃው ጋ ሲደርስ ፊቷን አየሁት፤ አልተገረመችም።

«ይቅር ብላዋለች አሉ፣ እትዬ ወርቄ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

የስፌት መኪናውን ገፋ አድርጋ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ቤይሩት እያለሁ የቤቱ ልጆች ሲያዩ ከኋላቸው ቆሜ ልብስ እተኩሳለሁ። መጨረሻው ቀን እመቤቲቱም መጥታ አብራቸው ተቀመጠች። ሻሽቱ ውሃውን ስታጠጣው አለቀሰች። ለሥዕል ሰውዬ! ያን ዕለት ጠዋት እህቴ የእናቴን ሞት ልታረዳኝ ብትደውል ስልኩን ከጆሮዬ ነጥቃ ዘጋችው። ‹መጀመሪያ ሥራሽን ጨርሺ፣ ከዚያ ታለቅሻለሽ› አለችኝ። እና ማታ እኔ በተኮስኩት መሐረብ ለካርቱን እንባዋን ጠረገች። ያን ይቅርታ አልተረጉምም አልኩ። ለእናንተ ደግሞ በዚያ ቀን፣ ያ ሰውዬ እንደዚያ ካለኝ በኋላ!»

«ዋሽተሽናላ።»

«አልዋሸሁም። አረምኩት።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ስለ ሞተሩ ልነግራት ስጀምር በእጇ አስቆመችኝ። ከመሐል ሜዳ የወጣችው በዚያው በገበያው ቀን ኖሯል፤ መኪናው ዳገቱ ላይ በሰው ብዛት ቆሞ በመስኮት አይታዋለች። «እናንተንም አየኋችሁ፤ ግራና ቀኝ እንደ ዘብ ቆማችሁ። ቀየት እስክደርስ ፈገግ እንዳልኩ ነበር» አለችኝ። ዓይኗ ያኔ ነው እርጥብ ያለው።

ስንለያይ ስልኬን ጠይቃኝ የተዋናይቷን ፎቶ እንደገና አየችው፤ በጣቷ አጉልታ ፊቷን መረመረች።

«ይቺ ሰው ናት?»

«አዎ፣ እውነተኛ ልጅ ናት።»

«በይ እንግዲህ እናያለን። ያቺ ሥዕል ስለነበረች ነው ይቅር ማለቱ የቀለላት» አለችና መለሰችልኝ። «ያ ሰውዬ አሁንም አለ?»

«አለ። ጡረታ ወጥቶ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ባለፍኩ ቁጥር ‹ደህና ዋልሽ ልጄ› ይለኛል።»

«አንቺስ?»

«አልመልስለትም።»

«ተባረኪ» አለችኝ።

በሚኒባሱ ስመለስ ከጎኔ የተቀመጡት ልጆች እያንዳንዳቸው በየስልካቸው የየራሳቸውን ይመለከታሉ፤ ከሥር ትርጉሙ ይጻፍላቸዋል፣ ቃል አይዛነፍባቸውም። እኛ የሻሽቱን ስም እንኳ አናውቅም ነበር። አገሯን አናውቅም፣ ቋንቋዋን አናውቅም፤ ቂሟን ግን ጥርት አድርገን እናውቀው ነበር። ዛሬ የተዋናይቷ የልደት ቀን ሳይቀር ተነግሮናል፣ ቂሟ ግን ጠፍቷል። ያ የማዳበሪያ መቀመጫ፣ ያ የእርጥብ ባና ሽታ፣ አሥር ልጅ በአንዲት ሴት አፍ የሚሰማበት ጊዜ ይናፍቀኛል፤ ናፍቆቱም ቁጭት አለበት።

መናኸሪያው ጋ ወርጄ በእግሬ ወደ ቤት ሳቀና አቶ ፈለቀ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነበር። አርጅቷል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ከሩቅ አይቶኝ ቀና አለ።

«ደህና ዋልሽ ልጄ?»

ቆምኩ። ሙሉ ፊቱን አየሁት፤ እሱም ምን ልትል ነው ብሎ ጠበቀኝ። ከዚያ ነጠላዬን አስተካክዬ መንገዴን ቀጠልኩ።