በር ላይ ሲደርሱ አንድ ናቸው

ገርጂ ነው የምኖረው፤ ድንኳን አከራያለሁ፣ እተክላለሁም። ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው።

የአውሮፓ ኤምባሲዎች ቦሌ አንድ ግቢ ውስጥ በየዓመቱ የባህል ቀን ያደርጋሉ። አምና «አንድ አውሮፓ፣ ድንበር የሌለው ባህል» የሚለውን ጨርቅ መሰላል ላይ ወጥቼ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ሳልደናቀፍ ስላነበብኩት ኮራሁ። ከጨርቁ ሥር ግን ሁለት አገሮች በሩ አጠገብ ባለው ቦታ ተጣሉ። ሁለቴ አስተክለው ሁለቴ አስነቀሉኝ። እኛ ዘንድ የቤት ሰው ቆሞ ያስተናግዳል፤ ቦታ የሚመርጥ እንግዳ ነው። እዚያ ሁሉም እንግዳ ሆኖ አየሁት። ይሄማ አንድ ቤት አይደለም አልኩ በሆዴ።

ልጄ ክራር ትመታለች። የዚያን ዕለት ተጫወተች፣ ቆመው አጨበጨቡላት። በቦታ ከተጣሉት ከሁለቱ የአንደኛው አገር ሰዎች ለፌስቲቫላቸው ጋበዟት። የራሳቸው ኤምባሲ ደግሞ «መመለስሽን አላመንንም» ብሎ ቪዛ ከለከላት። ጋባዦቹ አቤቱታ እንጽፍልሻለን፣ ጠብቂ አሏት።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ያኛውን አገር ጠይቂ» አልኳት። «ሲጣሉ በዓይኔ አይቻለሁ። እልህ ይዞት ይሰጥሻል።»

«አባዬ፣ እንደዛ አይደለም እኮ የሚሠራው።»

«አንቺ ክራርሽን እወቂ! ሰው ድንኳን ውስጥ ሲጣላ ማንነቱን እኔ አውቃለሁ።»

እሺ ብላኝ ሄደች። የዚያኛው ኤምባሲ መስኮት ጋ ያለችው ሴትዮ ኮምፒውተሯን አየችና «እነሱ ለምን ከለከሉሽ?» አለቻት። ለካ የቪዛ መዝገባቸው የጋራ ነው፤ የመጀመሪያው ክልከላ እዚያ ቁጭ ብሏል። ሁለተኛው ተጨመረበት። ጋባዦቹም ሲሰሙ፣ ለካ እኛ ጋ መምጣት አልነበረም ሐሳብሽ ብለው አቤቱታውን ተዉት።

ከመገናኛ በታክሲ መጥታ የክልከላውን ወረቀት ጭኔ ላይ ጣለችው። «የሚጣሉት ለድንኳን ቦታ ነው አባዬ። በር ላይ ሲደርሱ አንድ ናቸው።»

አጥፍቻለሁ። እነሱን ግን አልምርም፤ አጨብጭቦ በር የሚዘጋ ሰው ባህል እወዳለሁ አይበለኝ።

ዘንድሮ ደወሉልኝ። «ጋሼ፣ ድንኳኑን ይዘው ይምጡ። ልጅዎም ትጫወትልን።»

ነገርኳት። ክራሯን ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ አየችውና «አንተ ሥራህን ሥራ» አለችኝ።

ድንኳኑን ተከልኩ። አስተባባሪው ያንኑ ጨርቅ አጣጥፎ ሲያቀብለኝ መሰላሉን ወደ እሱ ገፋሁት።

«አንብቤዋለሁ» አልኩት። «አንተ ስቀለው።»