ሬዲዮው የተነቀለበት መኸር

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ብርሃን ወደ መዘዞ ስሄድ የተሳፈርኩበት አሮጌ ሚኒባስ ዳገቱን ሲጀምር ከሞተሩ ውስጥ ጠጠር በጣሳ ተደርጎ የሚነቀነቅ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ጨዋታውን ቀጠለ፤ እኔ ብቻ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ያን ድምፅ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሰው የልጅነቱን ድምፅ ሲሰማ ሆዱ ይባባል ይባላል፤ እኔን ግን ያናድደኛል።

አባቴ የጭነት መኪና ነበረው። ቀለሟ የተላላጠ፣ በዕድሜ እኔን በብዙ የምትበልጥ፣ በቤንዚን የምትሄድ ትንሽ መኪና ነበረች፤ ከመዘዞ ገብስና በግ፣ ከደብረ ሲና ማሽላና ሽንኩርት እየጫነ ደብረ ብርሃን ያራግፍባት ነበር። እናቴ ደግሞ የመሪጌታ ልጅ ነበረች። አያቴ ለተማሪዎቻቸው ዜማ ሲያስተምሩ እሷ ከጓሮ እህል እያበጠረች ትሰማ ነበር፤ ሴት ልጅ ናትና ግቢ ያላት ባይኖርም፣ አንድ ተማሪ ዜማውን በሳተ ቁጥር ከአያቴ እኩል ቀና ትል እንደነበር አክስቴ ነግራኛለች።

በቤታችን ሬዲዮ የነበረው መኪናዋ ውስጥ ብቻ ነበር። ክረምት ሲገባ የገጠሩ መንገድ ስለሚጨቀይ አባዬ አንዳንድ ቀን ሳይወጣ ይውል ነበር፤ ያን ጊዜ እማዬ ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ጨርሳ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ እኔን አስከትላ ጋቢና ውስጥ ትገባና ሬዲዮውን ትከፍት ነበር። አባዬም ባትሪው እንዳይደክም ሞተሩን አስነስቶ ይተውልን ነበር። ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ፣ ትንፋሻችን መስተዋቱን እያደበዘዘ ትረካ እንሰማለን። በዚያች አንድ ሰዓት እማዬን የሚጠራት፣ የሚልካት፣ «የት ነሽ?» የሚላት ሰው አልነበረም።

በነሐሴ መጨረሻ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት አልነሳም አለች። አባዬ የልብ ጓደኛውን መካኒኩን ጋሽ ክፍሌን ጠራው። ያን ጊዜ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን አልለውም። ጋሽ ክፍሌ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር ፈትቶ ጠራረገና መልሶ ገጠመው፤ መኪናዋም ተነሳች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ሬዲዮውን ስንከፍት በተራኪው ድምፅ መሀል የጋለ ዘይት ውስጥ ውሃ ጠብ ሲል እንደሚሰማው ያለ መንጣጣት ገባበት። እማዬ ጆሮዋን አቅርባ ብዙ ሰማችና አባዬን በመስኮት ጠርታ «እስቲ ቤንዚን ስጣት» አለችው። ሲሰጣት መንጣጣቱ ፈጠነ፤ ሲተዋት ዘገየ።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲጠግግ ጭነቱ ተጀመረ። አንድ ቀን ገብስ ጭነን ከመዘዞ ስንመለስ፣ ዳገቱ ላይ ያ ጠጠር መንኳኳት ጀመረ። ጋሽ ክፍሌ እሁድ ለምሳ ሲመጣ እማዬ ወጡን አስቀምጣ ከእሱና ከአባዬ ፊት ቆመች።

«መንኳኳቱም፣ የሬዲዮው መንጣጣትም አንተ ያን ዕቃ ከፈታህ ወዲህ የመጡ ናቸው። ሁለቱም አብረው ከሞተሩ ጋር ይፈጥናሉ። ያላጠበቅከው ነገር እንዳለ አንዴ ክፈተውና እየው።»

ጋሽ ክፍሌ ሳቀ። «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ሬዲዮና ሞተር ምን አገናኛቸው? ሬዲዮው አርጅቶ ነው። የሚንኳኳው ደግሞ ቤንዚኑ ስለማይረባ ነው።»

«ብታየው ምን ይጎድልብሃል?»

«አንቺ ደግሞ!» አለ አባዬ። «የአባትሽ ዜማ ቤት መሰለሽ እንዴ?»

ሁለቱም ሳቁ። እጃቸውን ታጥበው ሲወጡ ጋሽ ክፍሌ «ድምፁ ካስቸገራት መድኃኒቱ ቀላል ነው» ብሎ ካቻቢቴውን ከቦርሳው አወጣና ሬዲዮውን ከነሽቦው ነቅሎ በአባዬ እጅ ላይ አስቀመጠለት። ጋቢናው ውስጥ ሽቦ የተንጠለጠለበት ጥቁር ቀዳዳ ቀረ። እማዬ ከበሩ ላይ ሆና «የሚናገረውን አወጣችሁት፤ በሽታው ግን እዚያው አለ» አለችና ወደ ጓዳ ተመለሰች። እኔም ተከትያት ገባሁ። አላለቀሰችም፤ ሳህኖቹን እያጋጨች አጠበች።

ኅዳርና ታኅሣሥ እንዲሁ አለፉ። መንኳኳቱ እየባሰ ሲሄድ አባዬ ድምፁን ላለመስማት በዳገት ላይ ያንጎራጉር ነበር፤ እማዬም ሁለተኛ አላነሳችም።

ጥር ላይ የእማዬ የአክስት ልጅ ደብረ ሲና ስትዳር ሦስታችንም በመኪናዋ ወረድን። ስንመለስ አባዬ ባዶዋን አልነዳም ብሎ ማሽላ እስከ አፏ ጫናት። ወደ ጣርማ በር የሚወስደውን ጠመዝማዛ አጋምሰን ሳለ ጠጠሩ ወደ መዶሻ ተለወጠ፤ ከዚያ አንድ ነገር ተሰነጠቀ፣ ሰማያዊ ጭስ ወጣና ሞተሩ ጸጥ አለ። መኪናዋ ቆመች፤ ቀጥላም ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። አባዬ ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሩ ቆመ፤ ጭነቱ ግን ከፍሬኑ በረታ። «አልያዘም! አልያዘም!» ይላል። ከኋላችን ካለው መታጠፊያ ሥር ገደል ነበር።

እማዬ በሩን በርግዳ እኔን ወርውራ አወጣችኝና ተከትላ ዘለለች። ከመንገዱ ዳር እኔ አሁንም እንኳ የማላነሳውን ድንጋይ አቅፋ ሮጣ ከኋላው ጎማ ሥር ወሸቀችው። መኪናዋ ድንጋዩ ላይ ወጣ አለች፤ ተንገዳግዳም ቆመች። የእማዬ ሁለት ጣቶች በድንጋዩና በአስፋልቱ መሀል ነበሩ።

አንድ የጭነት መኪና ጎትቶ ደብረ ሲና መለሰን። በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ኑሩ የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ ሞተሩን ፈቱት። ፒስተኑ መሀሉ ላይ ቀልጦ ተበስቷል። ከዚያ ዲስትሪቢዩተሩን በሁለት ጣታቸው ይዘው አዞሩት፤ እንደ ማሰሮ ክዳን ዞረ።

«ወላሂ፣ ይቺን ቡሎን ያጠበቃት ሰው የለም» አሉ። «በመንገዱ ንዝረት ቦታውን እየለቀቀ እሳቱን ያለ ጊዜው ሲሰጥ ኖሯል። ይኼ ነገር ወራት አንኳክቷል። ሬዲዮ ቢኖራችሁ እሱም በተንጣጣ ነበር፤ ዕቃው በደንብ ካልታሰረ ድምፁን ይረብሻል። የሰማ ሰው አልነበረም?»

አባዬ መሬት መሬት እያየ «የሰማ የለም» አለ።

እማዬ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ ደም ያራሰው ነጠላ እጇ ላይ ተጠምጥሟል። ነጠላውን በጥርሷ ይዛ አጠበቀችው። እኔ ግን ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። «ውሸት ነው! እማዬ ሰምታለች! ነግራዋለች! ሳቁባት! ሬዲዮውንም ነቀሉት!»

አባዬ እጁን አነሳብኝ። ጋሽ ኑሩ በመሀላችን ገቡና ፊታቸውን ወደ እናቴ አዞሩ። «እህቴ፣ እውነቷን ነው? ምን ሰማሽ?»

እማዬም ከነሐሴ ጀምሮ ያለውን አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። ሽማግሌው እስክትጨርስ ቁልፋቸውን አስቀምጠው አዳመጧት። እናቴ ያን ያህል ስትደመጥ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ከሳምንት በኋላ ሞተሩ ሲገጠም «የኔ ጆሮ ደክሟል፤ አንቺ ነይ» ብለው ከጎናቸው አስቀምጠዋት ዳገቱን ወጡ። ሦስት ጊዜ ወጥተው ወረዱ፤ ባንኳኳ ቁጥር እየቆሙ ዲስትሪቢዩተሩን ትንሽ ትንሽ አዞሩት። በሦስተኛው እማዬ «አሁን ልክ ነው» አለች፣ ቡሎኑም ጠበቀ። አባዬ ይህ ሁሉ ሲሆን ጀርባውን ሰጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር።

በልግ ሲጥል መኪናዋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሬዲዮው አልተመለሰም። አባዬ ይቅርታ አላለም። ጋሽ ክፍሌ እሁድ እሁድ ለምሳ መምጣቱን ቀጠለ፤ እማዬም በማይታጠፉ ጣቶቿ እንጀራ ታቀርብለት ነበር። አባዬ አሁን አርጅቷል፤ የዚያን ቀን ታሪክ ለጎረቤት ሲያወራ «ፈጣሪ አተረፈን» ይላል። ድንጋዩን ያመጣው ማን እንደሆነ ካልተጠየቀ አይናገርም። እማዬ «ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው» ትለኛለች። አልተውኩትም።

እኔም ዛሬ መኪና አለኝ። ባለፈው ዓመት ጋራዥ ወስጄ ምን ድምፅ እንደሰማሁና ከየት እንደመጣ ለአንድ ወጣት መካኒክ ስነግረው፣ በአክብሮት አዳመጠኝና «እሺ እህቴ፣ ባለቤትሽ ሲመጣ እናየዋለን» አለኝ። ኮፈኑ እስኪከፈት ድረስ ከፊቱ አልተንቀሳቀስኩም። ያን ጊዜ ሴት ሞተር ሰማች ሲባል ይሳቅ ነበር፤ አሁን «እሺ እህቴ» ይባልና ኮፈኑ ሳይከፈት ይቀራል። የቱ እንደሚሻል አላውቅም። ያን ጊዜ ቢያንስ የሳቁብንን ሰዎች እናውቃቸው ነበር።