የመዶሻው ሰላምታ

አክስቴ በአንድ የጥበቃ ድርጅት የቅጥር ክፍል ኃላፊ ነበረች። ጠረጴዛዋ ላይ የውሃ ጆግ፣ ብርጭቆና ጥጥ አይጠፋም። ውሃውስ ይሁን፣ ሥራ ፈላጊ ጥጥ ምን ያደርግለታል? ያደርግለታል እንጂ! እዚያ ግቢ ሥራ ፈላጊ ወደ ቢሮ የሚገባው እየደማ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አመልካቾች ግቢው ውስጥ ይሰለፋሉ። መዶሻው የሚሉት አሰልጣኝ፣ የድሮ ቦክሰኛ፣ ፊት ለፊታቸው ይንጎራደዳል። ድንገት አንዱ ጋ ይቆምና “እንደምን አደርክ ወንድሜ?” ይለዋል። ሰውየው አፉን ሳይከፍት ቡጢው ሆዱ ወይም አፍንጫው ላይ ያርፋል። ያልወደቀ ወደ አክስቴ ይገባል፤ የወደቀ ወደ ቤቱ። ይህንን “ሰላምታ” ይሉታል።

ሥራ አስኪያጁ ከፎቅ በረንዳው ሻይ እየጠጣ ያያል። አክስቴ ሰላምታው ይቅር ብላ በለመነችው ቁጥር “በአንድ ቡጢ የሚወድቅ ዘበኛ ምን ይሠራልኛል?” እያለ ይስቅባታል። እሷ ግን እንቅልፍ አጥታ ነበር። በደጅ የደበደቡትን እንግዳ ሳሎን አስገብተው ወንበር ቢስቡለት ምን ዋጋ አለው?

አንድ ጠዋት ከሰልፉ ራስ ላይ አንድ ቀጭን አናጺ ቆመ፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። መዶሻው ሲሰነዝር አናጺው ጎንበስ አለና ቡጢው አፉን አገኘው። ጥርሱ ሲሚንቶው ላይ እንደ በቆሎ ፍሬ ተንከባለለ።

አናጺው ደሙን ውጦ ቀና አለ። “ደህና ነኝ። አንተስ?”

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። መዶሻው ዓይኑ ቀልቶ እንደገና እጁን አነሳ። አክስቴ ከቢሮዋ ወጥታ በመሀላቸው ገባች።

“እትዬ፣ ዞር በይ!”

“አልዞርም። እኔ ስቀጠር ሰላም ያለኝ የለም። እስቲ እንደምን አደርሽ በለኝ።”

“ጎሽ እናቴ!” አለ አንዱ ከኋላ።

መዶሻው ሊገፋት ብቻ ነበር። መምታት የለመደ ክንድ ግን መግፋትን ከየት ይማራል? ክርኑ ጎኗን ሲያገኘው የጎድን አጥንቷ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ፤ ወደቀች።

“በሴት ላይ?!” ሰልፉ ፈረሰ። መዶሻውን ጥለው በጫማ፣ በቡጢ፣ በቀበቶ ወረዱበት። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ። አንዱ ድንጋይ አነሳ። ያኔ አናጺው ሮጦ መዶሻው ላይ ተደፋ! ጥርሱን ያረገፈውን ሰው በጀርባው ከለለው! ድንጋዩ ትከሻው ላይ አረፈ።

“በቃ! ሰው ልትገድሉ ነው?” እያለ ጮኸ። እርግጫው እስኪበርድ አልተነሳም።

ሥራ አስኪያጁ ከበረንዳው አጨበጨበ። “ይኸው ዘበኛ! አየሽ፣ ሰላምታው አገኘልን! ተቀጥረሃል!”

አናጺው አቧራውን አራገፈ። “ጋሼ፣ እርስዎ ቀጥረውኝ ይሆናል። እኔ ግን እናንተን አልቀጠርኳችሁም።” በሩን ከፍቶ ወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት፤ ግቢው ባዶ ሆነ።

አክስቴ ጎኗን ይዛ ተነሳች። ከቢሮዋ ወንበር እየጎተተች ከግቢው በር ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ደረሰችባቸው። አናጺው ወንበሩን ተቀበላት።

“ተቀመጥ ወንድሜ። ዛሬ አንተ ነህ ጠያቂው።”

“ሰላምታው ነገም አለ?”

አክስቴ ወደ ፎቁ ዞረች። ቀና ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጥያቄውን ለበረንዳው ደገመችው። ሥራ አስኪያጁ ባዶውን ግቢ አየ። ግድግዳውን ተደግፎ ደም የሚተፋውን መዶሻውን አየ። ሻዩ እጁ ላይ ቀዘቀዘ።

“ይቅር!” አለ በመጨረሻ። “ሰላምታው ይቅር፤ ብቻ አስገቢያቸው!”

“ሰማህ?” አለች አክስቴ፣ ትንፋሽ እያጠራት። “ሌላ ጥያቄስ?”

“አለኝ እንጂ” አለ አናጺው ደም የነካውን አፉን በእጅጌው እየጠረገ። “እርስዎን ሐኪም ቤት ማን ይወስድዎታል?”