ያልማለው ዓሣ አጥማጅ

መምህር ፈይሳ ዓሣ ማጥመድ የተማረው ነቀምቴ፣ ጠብታ ውሃ በሌለበት በገዛ ግቢው ነው። ዓሣ ሊያጠና የመጣ እንግዳ ወደ አገሩ ሲመለስ አጭር ዘንግ ትቶለት ሄደ፤ ቁመቷ ከሰው ወገብ እምብዛም የማያልፍ፣ ቤት ውስጥ መወርወር ለመለማመድ የተሠራች ናት። ፈይሳ በመንጠቆ ፈንታ ቀይ ክር እያሰረባት፣ ከሥራ መልስ የድስት ክዳን ላይ ሲያነጣጥር ከረመ። ባለቤቱ ኢቢሴ፣ «ሰው ዝንብ ያባርራል፣ የኔ ባል ዝንብ ይወረውራል» እያለች ጎረቤት ታስቅበታለች። እውነቷን ነው፤ ኋላ መንጠቆው ላይ የሚያስረው ከዶሮ ላባ የተሠራ ዝንብ ነበር።

ጉቴ አጠገብ፣ ከገበሬው ከገለታ መስክ በታች የሚወርደው ጅረት ቁጥቋጦ የጋረደው፣ ዘለው የሚሻገሩት ነው። ረጅም ዘንግ እዚያ ቅርንጫፍ እንጂ ዓሣ አይዝም። ፈይሳ ግን ተንበርክኮ፣ ላባዋን ከቅጠሉ ሥር እያሾለከ ቢልጫ የሚሉትን ትናንሽ ዓሣ ያወጣል፤ አብዛኛውንም መልሶ ይለቃል። ስድስት ዓመት በመስኩ ሲመላለስ ገለታ እርጎ ሳያጠጣው ሸኝቶት አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሲደርስ ግን ጅረቱ ዳር ሰው ተሰብስቦ ጠበቀው። የገለታ ላም ትናንት ጅረቱ ከሠራው ኩሬ ጠጥታ ሞታለች። ትናንት በዓል ስለነበር ፈይሳም እዚያው ውሏል።

«ብርብራ ነው» አለ አንዱ። ብርብራን የማያውቅ የለም፤ ፍሬውን ወቅጠው ውሃ ላይ ከበተኑት ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፣ ሰውም በቅርጫት ይለቅማል። ከብት ይግደል አይግደል ያጣራ የለም። ዓሣ ፈላጊው ግን አንድ ፈይሳ ነው፤ ለነገረኛ ይኼ ይበቃዋል!

ሽማግሌው ኦቦ ቶላ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «ያ ባርሲሳ፣ መምህራችን ነህ፤ በዋቃ ማልና ሂድ» አሉት። የማለ ሰው ነጻ ነው፣ የቀረውን ፈጣሪ ይፈርዳል።

«ብርብራ አልጨመርኩም። መማል ግን ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም።»

ገለታም ከእሱ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ «ከቶ አትማሉ» የሚለውን ቃል አብረው ሰምተዋል። ላሙ የሞተችበት ሰው ግን ጥቅስ አይታወሰውም። «የማይምለው የሠራው ነው!» ብሎ ዘንጓን ነጠቀው።

ፈይሳ ዛሬ ውሃ መራዥ ተብሎ ከተመለሰ ስሙ ተከትሎት ክፍል ይገባል፣ ተማሪዎቹ ፊት ይቆማል።

«ማሎ፣ ኦቦ ቶላ» ሲል ለመነ፤ «ብርብራ የገባበት ኩሬ ዓሣ ይተርፈዋል?»

«አይተርፈውም።»

«እንግዲያው ላሟ ከጠጣችበት ዓሣ ላውጣ።»

ሽማግሌው ዘንጓን አስመለሱለት። ፀሐይዋ ኩሬው ዳር ካለው ሾላ ጫፍ እስክትደርስ ጊዜ ሰጡት። ፈይሳ ሰዉ ወደ ኋላ እንዲል ለምኖ ተንበረከከ። የመጀመሪያው ውርወራ ቅጠል ያዘ፤ ከኋላው ተሳቀበት። ሁለተኛው ደህና አረፈ፣ የነካው የለም። አምስተኛው፣ ስድስተኛው ባዶ። ዓሣው በሰዉ ኮቴ ደንግጦ ተደብቆ ይሆናል፤ ይህን ግን ማን ይሰማዋል? ፀሐይዋ ሾላው ጫፍ ደረሰች።

«በቃህ» አለ ገለታ።

ፈይሳ ያልሰማ መስሎ ላባዋን ከሾላው ሥሮች መሃል ሰደዳት። ክሩ ቀጥ አለ። ከመዳፍ የማትበልጥ ቢልጫ እየተንፈራገጠች ወጣች።

ኦቦ ቶላ ተቀብለው ለሁሉም አሳዩና ውሃው ውስጥ መለሷት። «ነጻ ነህ» አሉ። ወዲያው አንዱ የላሟ ሆድ ተነፍቶ እንደነበር ትዝ አለው፤ ሌላው ሆድ የሚነፋውን እርጥብ የማገጥ ሣር ግጣ ይሆናል አለ። ይኼን ሁሉ ቀድሞ የተናገረ አልነበረም።

ፈይሳ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ አላለውም፣ አንገበገበው። የስድስት ዓመት ወዳጁ በቃሉ አላመነውም፤ በአንዲት ዓሣ አመነው።

ገለታ አቀርቅሮ መጣ። «ይቅር በለኝ፣ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ።»

ሰዉ መልሱን ይጠብቃል። ይቅር ማለት ለቤተ ክርስቲያን ሰው የአፍ ልማድ ነው፤ ፈይሳም ሊለው ከንፈሩን ከፈተ።

«ይቅር ብዬሃለሁ ብል እዋሻለሁ፣ ገለታ። ገና ከልቤ አልወጣልኝም።»

ወደ መንገዱ የሚያወጣው አቋራጭ በገለታ መስክ በኩል ነው። ፈይሳ በገደሉ ዞሮ ሄደ።