የለቀቅኩት ኳስ

ዶራ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ የኛ ሜዳ በሁለት ሕንፃዎች መሃል ያለው የመኪና ማቆሚያ ነበር። አንዱ ጎል በቆሻሻ ገንዳውና በመብራት ምሰሶው መካከል ነው፤ ሌላውን ጫማችንን አውልቀን እንሠራዋለን። እኔ በረኛ ነበርኩ። እግሬ ለኳስ አልተፈጠረም፣ አፌ ግን ለክርክር ተፈጥሯል። ጎል በገባብኝ ቁጥር «አልገባም» ብዬ ድርቅ እላለሁ፤ ልጆቹ ከሩጫው ይልቅ በኔ ይደክሙ ነበር።

የቅርብ ጓደኛዬ ከኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ይኖራል። እናቱ ፖሌግ በሚባል ቦታ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። እሱ ጎንደር ስለቀረው አጎቱ አውርቶ አይጠግብም፤ «አጎቴ ይምጣ ብቻ፣ ያኔ ጎል ምን እንደሆነ ታያላችሁ» ይለናል። የእናቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ወደዚህ አገር ለመምጣት ለዓመታት ተራ ሲጠብቅ ነበር።

ትምህርት በተዘጋ ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ደረጃው ላይ ያዘችኝ።

«የጓደኛህ አጎት ጎንደር አርፏል» አለችኝ። «ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት እየተሰበሰቡ ነው። እናቱ ከሥራ ገብታ፣ እህል ቀምሳ ነው የሚነገራት። ልጁ ካወቀ ይደውልላታል፤ አውቶቡስ ላይ ትሰማዋለች። እዚያው ኳሱ ላይ አቆየው። ሆድ ይፍጀው በል፤ መርዶ የልጅ ሥራ አይደለም።»

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ስወርድ ለሌሎቹም ከየቤታቸው ተነግሯቸው ኖሯል። ኳሱ ሁሉ ወደ ጓደኛዬ ይሄድ ጀመር። በሌላ ቀን ብትለምነው የማያቀብል ልጅ እንኳ አቀበለው። እሱ ሰው ጠልፎ ሲጥል «ፋውል» የሚል ጠፋ። ነጠላ የለበሱ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ወደ ሕንፃችን መግቢያ ሲያልፉ፣ ጀርባውን እንዲሰጣቸው ኳሱን ወደ ገንዳው በኩል እንመታለን።

ከዚያ እሱ ወደ ጎል መታ። ቀስ ያለ ኳስ ነበር፤ እጄ ሥር መጣ። አሳዘነኝና ለቀቅኩት።

አልጨፈረም። ክርክሬን ጠበቀ። እኔ ኳሱን አንስቼ ሰጠሁት።

«ማ ዜ?» አለኝ በዕብራይስጥ። «ምንድን ነው? ለምን አልገባም አላልክም?»

«ገብቷላ።»

እኛ ልጆች ሳይነገረን የምናውቀው ነገር ነው፦ ሰው ሁሉ ድንገት ደግ ከሆነ መርዶ አለ። ጠጋ አለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ሞተ?» አለ።

አፈርኩ፣ ፈራሁም። እጁ ስልኩ ወዳለበት ኪስ ሲሄድ አየሁ።

«እናትህ አውቶቡስ ላይ ናት» አልኩት።

እጁን ከኪሱ አወጣ። ኳሱን መሬት ላይ አስቀመጠና «ያላ፣ በል አሁን በደንብ ያዝ» አለኝ። ባለ በሌለ ኃይሉ መታው፤ ሆዴ ላይ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ እንደ ወትሮው እየተጣላን ተጫወትን።

እናቱ ቦርሳዋን አንግታ ከፌርማታው መጣች። በአጠገባችን ስታልፍ «አታምሽ» አለችው።

«እሺ እማ» አለ፣ ዓይኑን ከኳሱ ሳያነሳ። «አንቺ ግን መጀመሪያ እህል ቅመሽ።»